ገርጂ ውስጥ የሠራነው ማርሚታ

ባለፈው ሳምንት ከቦሌ አራብሳ ተነስቼ የጡረታ ወረቀቴን ለማስተካከል ወደ መሀል ከተማ ስወርድ፣ ሲኤምሲ ላይ የታክሲው ጎማ ተነፈሰና ሁላችንም ወረድን። ሌላ ታክሲ እስኪመጣ ወዲያ ወዲህ ስል የመኪና ማርሚታ የሚበየድበት አንድ ቤት ደጃፍ ላይ ደረስኩ። አሮጌ የጭስ ማውጫ ቧንቧ አውልቀው መሬት ላይ አጋድመውታል። የጋለ ላሜራ፣ የተቃጠለ ዘይትና ቤንዚን ሲቀላቀሉ የሚወጣው ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ሲገባ እግሬ አልንቀሳቀስ አለ። በያጁ ጢሙ የሸበተ ጎልማሳ ነው። ጥቁር መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፋ አድርጎ፣ “አባቴ፣ መኪና ይዘው ነው?” አለኝ። “መኪና የለኝም” አልኩት። “ታዲያ ምን ልታዘዝ?” ሲለኝ፣ “ምንም። እኔም አንድ ጊዜ ማርሚታ ሠርቼ ስለነበር ነው” አልኩት። ለምን ዓይነት መኪና እንደሆነ ጠየቀኝ። “ለአውሮፕላን” አልኩት። ቀልድ መስሎት ሳቀና የሚቀመጡበት ሳጥን አቀረበልኝ፤ ወዲያው ግን ታክሲው መጣና ሄድኩ። የጡረታው ቢሮ ወረፋ ላይ ቆሜ ሳስበው፣ ያ ማርሚታ ለአውሮፕላን እንደነበር በአፌ ካወጣሁት ስንት ዓመት እንደሆነው መቁጠር አቃተኝ። ለበያጁ ያልነገርኩትን እዚህ ልጻፈው።

ተፈራ እባላለሁ። የላሜራ ሠራተኛ ነበርኩ፤ ቦሌ የጥገና ሃንጋር ውስጥ ሃያ ስምንት ዓመት የአውሮፕላን ቆዳ ስቆርጥ፣ ስቀጠቅጥና ስበይድ ኖሬያለሁ። የዛሬ ልጆች ቦሌ ሲባል መስታወት የለበሰ ፎቅ ነው የሚታያቸው። በእኛ ጊዜ ቦሌ ማለት መንገዱ ነበር። ግራና ቀኙ የባሕር ዛፍ ተሰልፎበት፣ ዘበኛ ያለው ቪላ እዚህም እዚያም ብቅ እያለ፣ ከአደባባዩ እስከ አውሮፕላን ማረፊያው ድረስ ሰማያዊና ነጭ ቀለም የተቀቡ ሰይቸንቶ ታክሲዎች አምስት ሰው አጭቀው የሚንደረደሩበት መንገድ። አውቶቡሱ አሥራ አምስት ሳንቲም ነበር። ከሃንጋሩ አጥር ማዶ ባለች በቆርቆሮ የተሠራች ሻይ ቤት ሻይ ከቦምቦሊኖ ጋር በሃያ አምስት ሳንቲም እንጠጣ ነበር፤ ቦምቦሊኖው ገና ትኩስ ሆኖ ስኳሩ ጣታችን ላይ ይቀራል፤ በዘይት በቆሸሸ ቱታችን ላይ ጣታችንን ስንጠርግ የሻይ ቤቷ ባለቤት ትቆጣናለች። መጀመሪያ ላይ ሱሪያችን ከታች የሰፋ፣ ጎፈሬያችን በር የማያስገባ ነበር። በኋላ ካኪው መጣ፤ ጎፈሬውም አጠረ። ሬዲዮኑም ዘፈኑን ቀንሶ የወታደር ማርሽ አበዛ። ከማረፊያው ጀርባ ወደ ገርጂ ሲሉ ቤት የለም፤ የስንዴ ማሳ ነው፣ ላም ነው፣ በክረምት ጉልበት የሚደርስ ጭቃ ነው። ዛሬ ያንን መንገድ በአስፋልት ላይ ስሄድ የት ጋ እንደምወርድ እየጠፋኝ ሰው እጠይቃለሁ።

ገርጂ ዳር ላይ ሰፊ ግቢ ተከራይቶ የሚኖር ኑረዲን የሚባል ጓደኛ ነበረኝ። የሞተር መካኒክ ነው፤ ቤተሰቦቹ ከቡታጅራ ወገን ናቸው፤ አባቱ መርካቶ ምስማርና ቆርቆሮ ይሸጡ ነበር። ቀጭን፣ ጆሮው ሰፊ፣ እርሳስ ከጆሮው ላይ የማይለየው ሰው። ሚስቱ ሩቅያ የቱታውን ኮሌታ ሳይቀር ትተኩስለት ስለነበር ሃንጋር ውስጥ ይቀለድበት ነበር። ውሸት አይችልም። ሲዋሽ አንገቱ ይቀላል፣ ይንተባተባል፤ አንድ ቀን አርፍዶ መጥቶ ለአለቃችን “አውቶቡስ ዘግይቶብኝ” ሊል ጀምሮ መጨረስ አቅቶት “ተኝቼ ነው” ብሎት ሁላችንም ስቀናል።

ኑረዲን በግቢው ባለ መጋዘን ውስጥ አውሮፕላን ይሠራ ነበር። የአንድ ሰው መቀመጫ ያላት፣ አጥንቷ እንጨት፣ ቆዳዋ ጨርቅ የሆነች ትንሽ አውሮፕላን። ሥዕሏን ያገኘው አንድ የውጭ አገር አስተማሪ ሲሄድ ከተወለት መጽሔት ነው። ሥራውን የጀመረው ንጉሡ ከወረዱበት ከለውጡ በፊት ነው፤ ማኅተም ያለበት የፈቃድ ደብዳቤም ነበረው፤ በላስቲክ ጠቅልሎ ግድግዳው ላይ ሰቅሎታል። ለውጡ ሲመጣ ደብዳቤውን የጻፈው መሥሪያ ቤት ስሙ ተቀየረ፣ የፈረሙትም ሰዎች የት እንደገቡ አይታወቅም። “ተው፣ ጊዜው አይደለም” ብዬዋለሁ፤ አንዴ አይደለም። “መብረሩን ሲፈቅዱልኝ እበራለሁ። መሥራቱን ግን ማን ከለከለኝ?” ይለኛል። ክንፎቹ ከመጋዘኑ ጣሪያ በገመድ ተንጠልጥለው ነበር፤ ሩቅያ ከሥራቸው ልብስ ታሰጣለች።

የጎደለው ሞተር ነበር። እሱንም አንድ ጋራዥ ውስጥ አገኘው፤ አንድ የውጭ አገር ሰው ገልብጧት ጥሏት ከሄደ የጃፓን መኪና የወጣ ነው። ማንም ሊጠግነው ስላልቻለ ማዕዘን ላይ ወድቆ ዶሮ ይተኛበት ነበር። ፒስቶን የለውም። ሌላ ሞተር ውስጥ ፒስቶን ላይ ታች ይላል፤ የዚህኛው ሆድ ውስጥ ግን ባለ ሦስት ማዕዘን ብረት ይሽከረከራል፣ በቃ። ሮታሪ ይሉታል። ትንሽ ነው፣ ቀላል ነው፣ አይንቀጠቀጥም። ኑረዲን ፈታትቶ አጥቦ ሲገጥመው ፊቱ ላይ ያየሁት ደስታ ልጅ እንደ ተወለደለት ሰው ነው፤ ልጅ አልነበራቸውም። የዚህ ሞተር ችግሩ ጭስ አወጣጡ ላይ ነው። ቀስ ብሎ አይተነፍስም፤ ጭሱን በአንድ ጊዜ ነው የሚተፋው፣ እሳቱም ከሌላው ሞተር ሁሉ ይብሳል።

መጀመሪያ ያስነሳነው አንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ ነው። ድምፁን ዛሬም አልረሳውም፤ የመትረየስ ድምፅ ነበር። ያ ጊዜ ደግሞ እንዲህ ያለ ድምፅ ሲሰማ ሰው በሩን ዘግቶ ወለል ላይ የሚተኛበት ጊዜ ነው። አጠፋነውና ዙሪያውን ስንሰማ ሠፈሩ በሙሉ ጭጭ ብሏል። ከትንሽ ቆይታ በኋላ የኑረዲን ጎረቤት አደ ጫልቱ ዱላቸውን ይዘው መጡ። የዚያ መሬት ነባር ሰው ናቸው፤ ‘አደ’ በኦሮምኛ ወይዘሮ እንደማለት ነው፤ አምስት ላሞች ነበሯቸው፤ ለሩቅያ ወተት የሚሰጧት እሳቸው ናቸው።

“ላሞቼ አጥር ሰብረው ሄዱ” አሉ። “ጎረቤቱ ተኩስ መጣ ብሎ አልጋ ሥር ገብቷል። ኑረዲን፣ አንተን እንደ ልጄ ነው የማይህ። ይህን ነገር ወይ ዝም አሰኘው፣ ወይ ከዚህ አርቀው።”

“እማማ፣ ዝም አሰኘዋለሁ” አላቸው።

“መቼ?”

“ጥቂት ጊዜ ይስጡኝ። ዝም ሳላሰኘው አላስነሳውም።”

በማግስቱ ሃንጋር ውስጥ ምሳ ስንበላ፣ “ተፈራ፣ ማርሚታ ሥራልኝ” አለኝ። ይኸው በዚህ ተጀመረ።

የመጀመሪያውን ከተራ ላሜራ ሠራሁት። ሞተሩን ባስነሳን በአሥር ደቂቃ ውስጥ እሳቱ ወንፊት አደረገው። ሁለተኛውን ግን ከተጣለ የጄት ጭራ ላይ ከቆረጥኩት ወፍራም ላሜራ ነው የሠራሁት፤ አለቃችን የመውጫ ወረቀት ፈርሞልን በብስክሌት ጭነን አወጣነው። ሆዱን በግድግዳ ከፋፈልኩት፤ ድምፁ እንደ ሰው ማጉረምረም ሆነ። ሞተሩ ግን ታነቀ። ኑረዲን አድምጦ አድምጦ አጠፋውና፣ “አፉን በትራስ አፍነህ ሩጥ እንዳልከው ነው” አለኝ። ከዚያ በኋላ ያሉት ወራት በአየር ነገር አለፉ። አየር በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ፣ የት እንደሚፈጥንና የት እንደሚቆም፣ የማይታይ ነገር ስንከተል እሁዳችን ሁሉ አለቀ። ውስጡን የሚያሳይ የፕላስቲክ ቱቦ አጉብጠን ቀይ ቀለም የጨመርንበት ውሃ አስገባንበትና አንዱን ጫፍ ከጭስ ማውጫው ጋር አገናኘነው። ውሃው ከፍ ካለ ሞተሩ ታንቋል፤ ዝቅ ካለ ተንፍሷል። ሩቅያ ነበረች በማስመሪያ እየለካች በደብተር የምትጽፈው፤ ጆሮዋን በጥጥ ደፍና፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ። የአየር ማስገቢያውን ቧንቧ ስናሳጥር፣ ስናስረዝም፣ እንደገና ስናሳጥር አሥራ አራት ቧንቧ ቆርጫለሁ። ለራዲያተሩ አየር የሚያስገባውን አፍ ደግሞ ጠበብ አድርጌ ጀምሬ ወደ ውስጥ ቀስ እያለ እንዲሰፋ እንድሠራው ኑረዲን አዘዘኝ። “ለምን?” ስለው፣ “መርካቶ ስትገባ አይተህ አታውቅም? ሰው በጠባቡ መንገድ ይጋፋል፤ ሰፊ ቦታ ሲደርስ ይረጋጋል። አየርም ካልተረጋጋ ሞተሩን አያቀዘቅዝልህም” አለኝ። እንዲህ ነበር የሚያስረዳው።

ጉልበቱን የምንለካው አባቱ ሱቅ ውስጥ ጆንያ በሚመዘንበት የመንጠልጠያ ሚዛን ነበር። አውሮፕላኗን ከኋላዋ በገመድ ከባሕር ዛፉ ጋር አስረን፣ መሀሉ ላይ ሚዛኑን እናስገባለን፤ ሞተሩ ሲጎትት ሚዛኑ ያነባል። የአዲስ አበባ አየር ስስ ስለሆነ ለመነሳት መቶ ሰማንያ ኪሎ መሳብ አለባት ይላል ኑረዲን። በዚያች በመጀመሪያዋ እሁድ፣ ያለ ማርሚታ፣ መቶ ሰማንያ ሁለት ስባ ነበር። በሁለተኛው ማርሚታ መቶ ሠላሳ። በሦስተኛው፣ ውስጡን ባለ ቀዳዳ ቧንቧ አድርጌ ዙሪያውን የብረት ሱፍ በጠቀጠቅሁበት፣ መቶ ሃምሳ ገባን፤ ሱፉ ግን በሁለተኛው እሁድ ተቃጥሎ በጭሱ ማውጫ በኩል እንደ ፀጉር እየበረረ ወጣ። አራተኛውን ድርብ ቆዳ አለበስኩት፤ የእያንዳንዱን ክፍል ርዝመት ኑረዲን በእርሳስ አስልቶ ሰጠኝ። መቶ ስልሳ አምስት። ቧንቧ ቀየርን፤ መቶ ስልሳ ስምንት። ከዚያ በላይ እምቢ አለች። ቤንዚን በኩፖን ነበር፤ ኑረዲን የሞተር ብስክሌቱን አቁሞ በእግሩ ወደ ሥራ እየሄደ ነበር የሚያጠራቅመው። የጫማው ሶል አልቆ በካርቶን እንደደፈነው ያወቅሁት አንድ ቀን ሲያወልቅ ነው።

መቶ ስልሳ ስምንት በሳበችበት እሁድ አደ ጫልቱ ላሞቻቸውን እየነዱ በአጥራችን ጥግ አለፉ። ሞተሩ እየሠራ ነው፤ ከጭሱ ማውጫ የሚወጣው እንደ ልብስ ስፌት ማሽን ያለ ድምፅ ነው። አጥሩን ተደግፈው፣ “ዛሬ እረፍት ናችሁ እንዴ?” አሉን። ኑረዲን መሬት ላይ ተቀምጦ እስኪያለቅስ ድረስ ሳቀ። ሩቅያም ሳቀች፣ እኔም። ሦስታችን አብረን የሳቅነው የመጨረሻው ሳቅ ያ ነው። ማታ ልሄድ ስል ትከሻዬን ይዞ፣ “ከዚህ የተሻለ የሚሠራ ሰው የለም ተፈራ፤ የቀረውን አሥራ ሁለት ኪሎ እኔ ከሞተሩ አወጣዋለሁ” አለኝ።

ሳምንት ሳይሞላ አንድ አብራሪ አውሮፕላን ይዞ ኮበለለ የሚል ወሬ ሃንጋሩን አዳረሰው። እውነት ይሁን ውሸት ዛሬም አላውቅም። ብቻ ሰው ከሰው ጋር መነጋገር አቆመ። ከዚያ በገርጂ በኩል የቤት ለቤት ፍተሻ ተደረገ። የመጡት ሰዎች አደ ጫልቱን ሞተር ሰምተው እንደሆነ ጠየቋቸው። እሳቸውም ምስኪን፣ ኑረዲንን ያመሰገኑ መስሏቸው፣ “ድሮ ይጮህ ነበር፤ አሁን ግን ዝም አሰኝቶታል፣ ምንም አይሰማም” አሏቸው። መጋዘኑን ከፈቱት። ኑረዲንን ጠዋት ሃንጋር ውስጥ ከሥራው ላይ ወሰዱት፤ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ነበር። ጨርቁን አጣጥፎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና አብሯቸው ሄደ። እኔን ያኔ አላየኝም። በሁለተኛው ቀን እኔን ወሰዱኝ።

የገባሁበት ክፍል ጠረጴዛና ሁለት ወንበር ነበረው። ሰውዬው ሳፋሪ ኮት የለበሰ፣ ሲናገር ድምፁን የማያነሳ ሰው ነው። ጠረጴዛው ላይ የሠራሁትን ማርሚታ አስቀምጦታል። ጋዜጣ ላይ ተኝቶ ሳየው የሰው ሬሳ ያየሁ ያህል ደነገጥኩ።

“ይህን ማን ሠራው?”

“እኔ ነኝ።”

“ለምንድነው?”

ሁለት ቀን ሙሉ የማስበው ይህንኑ ነበር። አውሮፕላን የሚለው ቃል ከአፌ ከወጣ ኑረዲንን የገደልኩት መሰለኝ። ክንፎቹን እንዳዩ አውቃለሁ፤ ግን ክንፍ ያለ ሞተር እንጨት ነው፣ ሞተሩን ከክንፉ ከለየሁለት ይተርፋል ብዬ አሰብኩ። ስለዚህ፣ “ለወፍጮ ነው” አልኩ።

“የምን ወፍጮ?”

“ቡታጅራ ወንድሙ እህል ወፍጮ ሊተክል ነው። ለዚያ የሚሆን ሞተር ነው ብሎኝ ነው።”

“ወፍጮ ለምን ድምፅ አይኖረውም?”

“የጎረቤት ላሞች እየደነገጡ አስቸገሩ።”

ጻፈው። በማግስቱም ጠራኝ፣ በሦስተኛውም ቀን፤ እኔም አንዱን ቃል ሳልለውጥ ደጋገምኩለት። በራሴ ተደንቄ ነበር፤ እንዲህ አድርጌ መዋሸት እንደምችል አላውቅም ነበር። በአሥራ አንደኛው ቀን ቀበቶዬንና የጫማዬን ክር መልሰው፣ “ሂድ” አሉኝ። ኑረዲንም በሚቀጥለው ቀን ይወጣል ብዬ ከልቤ አምኜ ነበር።

ከበሩ ውጭ ሩቅያ ስንቅ ይዛ ከሌሎች ሴቶች ጋር ተሰልፋ አገኘኋት። ዓይኗ በአሥራ አንድ ቀን ውስጥ ጎድጉዷል። ሮጣ መጥታ እጄን ያዘችኝ።

“አየኸው?”

“አላየሁትም።”

“አንተን ምን ብለህ ነው የፈቱህ?”

“ምንም አላልኩም። አላውቅም አልኳቸው” አልኳት። አፌ ከዚያ ክፍል ገና አልወጣም ነበር መሰለኝ።

አምስት ወር ስንቅ አመላለሰች። ከገርጂ እስከዚያ ድረስ በእግሯም በአውቶቡስም እየሄደች፣ ሩዙን በፎጣ ጠቅልላ፣ ባዶውን ሣህን ይዛ ስትመለስ መታጠብ አለመታጠቡን እያየች። ታጥቦ ከመጣ እሱ ነው ያጠበው ትላለች። አንድ ጠዋት በረኛው ሣህኗን ሳይቀበል፣ “ከእንግዲህ አታምጪ” አላት። የዚያ ጊዜ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ማልቀስም አልተፈቀደላትም። በዚያው ሳምንት የጭነት መኪና መጥቶ አውሮፕላኗን ወሰዳት፤ ክንፎቹ አልገባ ሲሉ በመጋዝ ከመሀላቸው ቆረጧቸው። አደ ጫልቱ አጥሩ ጋ ቆመው ሲያለቅሱ ሩቅያ ናት ክንዳቸውን ይዛ ወደ ቤት ያስገባቻቸው።

እኔ ግን ሩቅያ ዘንድ አልሄድኩም። መጀመሪያ ላይ ፈርቼ ነው፤ ይከታተሉኛል ብዬ። ከዚያ ደግሞ ሳልሄድ የቆየሁበት ጊዜ ራሱ ከለከለኝ። በማረፊያው ጀርባ የሚወስደውን መንገድ ትቼ ዙሪያውን መሄድ ጀመርኩ። አግብቼ ልጅ ወለድኩ። አንድ ቀን ቀበሌ ሱቅ ስኳር ወረፋ ላይ ከሩቅ አየኋት፤ አንገቷን ዝቅ አድርጋ ሰላም አለችኝ፤ እኔም እንዲሁ ሰላም አልኳት። ልብስ እየሰፋች እንደምትኖር፣ ቤቱንም እንዳልለቀቀች ከሰው ሰማሁ። የማዝን ሰው አይመስለኝም ነበር፤ ሥራዬን እሠራ ነበር፣ ቅዳሜ ከጓደኞቼ ጋር ካርታ እጫወት ነበር። ብቻ ከሃንጋሩ ውጭ ብየዳ አልሠራም ነበር። ሰው ለበሩ፣ ለአልጋው እንድበይድለት ሲለምነኝ ዓይኔን ያመኛል እያልኩ እመልሰው ነበር።

ያ መንግሥት ከወደቀ በኋላ አንድ አቶ ግዛው የሚባሉ መምህር አፈላልገው ሃንጋር ድረስ መጡ። እግራቸው ያነክሳል፤ ከዘራ ይዘዋል። ያቺው በቆርቆሮ የተሠራች ሻይ ቤት ይዣቸው ገባሁ። ከኑረዲን ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ታስረው እንደነበር ነገሩኝ። ሻዩን ሳይጠጡ ቆይተው፣ “ማርሚታውን የሠራኸው አንተ ነህ አይደል?” አሉኝ።

“እኔ ነኝ።”

“ለወፍጮ ነው ብለህ ነበር።”

እዚያ ክፍል ውስጥ ያልኩትን ከእኔና ከሰውዬው በቀር የሚያውቅ ሰው ያለ አይመስለኝም ነበር። “አዎ” አልኳቸው።

“እሱ መጀመሪያውኑ እውነቱን ነው የነገራቸው። አውሮፕላን ነው፣ ፈቃድ አለኝ፣ ደብዳቤው ግድግዳዬ ላይ ነው አላቸው። ደብዳቤውን አይተውታል፤ የሚለቁትም ይመስል ነበር፤ አንድ ሁለቱ ቀልደውበታል። ከዚያ ያንተን ቃል አነበቡለት። ከሁለታችሁ አንዳችሁ ትዋሻላችሁ፣ የዋሸው ከዚህ አይወጣም አሉት። ያን ቀን ወደ ክፍሉ ሲመለስ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀመጠ። ‘ተፈራ ሊያድነኝ ብሎ ዋሸ’ አለኝ። ምን ልታደርግ ነው አልኩት። በማግስቱ ሄዶ፣ ‘እሱ እውነቱን ነው፤ ወፍጮ ነው ብዬ አታለልኩት፣ ምንም አያውቅም’ ብሏቸው መጣ።”

“አመኑት?” አልኩ። ኑረዲን ሲዋሽ አንገቱ እንደሚቀላ አስታውሼ ነው።

“አንተን ለቀቁህ” አሉኝ። “እሱን ግን፣ ጓደኛውን አታሎ በስውር ሞተር ዝም የሚያሰኝ ሰው ለመኮብለል ካልሆነ ለሌላ ምን ሊሆን ይችላል አሉ።” ከዚያ ሻያቸውን ጠጡ። “ልከስህ አይደለም የመጣሁት። ለአንድ ሰው ልነግረው ይገባል ብዬ ነው። ለሚስቱ ለመንገር አቅም አጣሁ፤ ያለኝ አቅም ለአንተ የሚሆን ብቻ ነው።”

ሦስት ሳምንት ታመምኩ፤ ሐኪሙ ምንም አላገኘብኝም። ከዚያ ገርጂ ሄድኩ። ማሳው በግማሽ ቤት ሆኗል፤ አደ ጫልቱ ሞተው ልጆቻቸው መሬቱን እየሸጡ ነበር። ሩቅያ በሩን ከፈተችልኝ። ፀጉሯ ነጭ ገብቶበታል። ስፌት ማሽኗ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀመጥኩና መምህሩ የነገሩኝን፣ እኔም በሩ ላይ የዋሸኋትን፣ አንዱንም ሳላስቀር ነገርኳት። እጇን ማሽኑ ላይ አድርጋ ሰማችኝ። አላለቀሰችም።

ስጨርስ እጇን ከማሽኑ አነሳችና፣ “አንድ ነገር ልጠይቅህ። ሊኮበልልበት ነው ያሉት ያ ነገር፣ ይነሳ ነበር?” አለችኝ።

ደብተሩን የምትጽፈው እሷ ስለነበረች ቁጥሩን ታውቃለች። ግን ቁጥር ሌላ ነው። ይነሳ ነበር ብላት፣ ቢያንስ ሕልሙ ደርሶለት ነበር ብላ የምትጽናና መሰለኝ፤ ቃሉ አፌ ውስጥ ተዘጋጅቶ ነበር።

“አይነሳም ነበር” አልኳት። “ማርሚታዬ ጉልበቱን ወስዶበታል። እኔ እስከማውቀው ድረስ፣ በዚያ ሁኔታ ከመሬት አትላቀቅም ነበር።”

ጭንቅላቷን ነቀነቀች። “ለመሆኑ ይቅር በይኝ ልትለኝ ነው የመጣኸው?”

“አዎ።”

“ዛሬ አልችልም” አለች። “ሌላ ቀን ና።”

ሌላ ቀን ሄድኩ። ከዚያም ሌላ ቀን። ቅዳሜ ቅዳሜ ሆነ። ስለ ዋጋ መወደድ እናወራለን፣ ስለ ጉልበቷ ሕመም፣ ስለ ልጆቼ ትምህርት። የማሽኗን መርገጫ ጠገንኩላት፤ የበሯን መቀርቀሪያ በየድኩላት። በረመዳን ሰሞን ሳምቡሳ ጠቅልላ ለልጆቼ ትሰጠኛለች። የይቅርታውን ነገር እሷ አላነሳችም፤ እኔም አልጠየቅኋትም። ጎረቤት መጥቶ ሲያገኘኝ፣ “እሱ ተፈራ ነው” ትላለች፣ ከዚያ በላይ አትጨምርም። እንዲህ ሆነን ስድስት ዓመት ያህል ቆየን።

አንድ ቅዳሜ ስደርስ ከቡታጅራ የኑረዲን ዘመዶች መጥተው ቤቱ ሞልቷል። ልመለስ ስል ጠርታ አስገባችኝና አጠገቧ ቦታ ለቀቀችልኝ። ከዘመዶቹ አንዱ፣ ዕድሜያቸው የገፋ ሰው፣ እኔን እያዩ ቀስ ብለው፣ “ይህ ማነው?” ብለው ጠየቋት።

ሩቅያ ሻይ እየቀዳች ነበር። ቀና ሳትል ብርጭቆውን ሞልታ ሰጠችኝና፣

“የኑረዲን ጓደኛ ነው” አለቻቸው። “አብረው ይሠሩ ነበር።”

ሰውዬው ተነስተው በሁለት እጃቸው ጨበጡኝ፤ ከዚያ ኑረዲን ልጅ ሳለ ምን ይመስል እንደነበር ሊያጫውቱኝ ወደ እኔ ጠጋ ብለው ተቀመጡ።